እባካችሁ ጉጉቱን ለቀቅ አድርጉት

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መሆኔን የሰማ የጅማ ሰው ሁሉ «መርዝ እዘዝልኝ» ይለኛል። ለአይጥ፣ ለጉንዳን፣ ለእስስት ሳይቀር። ለእስስት! እስስት እንደሚባለው መርዝ የላትም። ዝንብና ፌንጣ ነው የምትለቅመው። አለቀ።

የሌሊት ወፍም እንደሚባለው ያረጀ አይጥ አይደለም። አይጥ ቢያረጅ ይሞታል እንጂ ክንፍ አያበቅልም።

«ንብ የቡና አበባ ታረግፋለች» የሚሉም አሉ፤ ያውም ቡና አገር ተቀምጠው። የቡና አበባ ከፈካ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይረግፋል። የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል፤ ንብ ስትመጣለት ግን የተሻለ ያፈራል። አበባ ላይ እያለ መድኃኒት አትርጩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የጉጉት ነገር ነው። ቤት ላይ ከጮኸ ሰው ይሞታል ይባላል። ሂርማታ ሰፈር ያሉ አንዲት እናት፣ ጓሯቸው ካለው አሮጌ ዋንዛ ላይ ጉጉት በድንጋይ አስባረሩ። «ኧረ እማማ፣ ምን አደረገዎት?» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ጉጉት ጮኾ ደግ ነገር መጥቶ ያውቃል?» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ አይጥ ኮርኒስ ላይ እየጋለበ እንቅልፍ ነሣኝ ብለው እኔው ዘንድ መጡ። የበቆሎ ጆንያቸውንም ቀዶታል። እንግዲህ ማን ይብላላቸው?

ጉጉት የሚጮኸው አካባቢው መያዙን ለሌሎች ጉጉቶች ሊያስታውቅ ወይም ጥንዱን ሊጠራ ነው። እስቲ አስቡት፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ማን ተኝቶ ያድራል? አስታማሚው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቷል፣ ስለዚህ ይሰማል። ጤነኛው ጎረቤት በዚያው ሰዓት ያንኮራፋል። በማግስቱ በሽተኛው ካረፈ ጥፋተኛው ጉጉት ነው። ጮኾ ማንም ያልሞተበትን ሌሊትስ ማን ቆጠረ?

አንገቱን ወደ ኋላ ማዞሩም የሰይጣን ሥራ አይደለም። ዓይኑን እንደኛ ማንከባለል ስለማይችል ነው አንገቱን እስከ 270 ዲግሪ የሚያዞረው።

ካላመናችሁኝ ጉጉት ከሚያድርበት ዛፍ ሥር ሂዱ። ጸጉርና አጥንት የተጠቀለለበት ድቡልቡል ነገር ታገኛላችሁ። ኩስ አይደለም፤ ያልተፈጨለትን መልሶ የተፋው ነው። በእንጨት ፈልፍሉት፣ የአይጥ መንጋጋ ከነጥርሱ ይወጣል። እጃችሁን ታጠቡ ታዲያ።

አብዛኛው ጉጉት ጎጆ አይሠራም፣ የተዘጋጀ ጎድጓዳ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ግንዱ የተቦረቦረ አሮጌ ዋንዛ ወይም ሾላ ካላችሁ አትቁረጡት። በቆሎውን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ። ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበትን ቀዳዳ በቆርቆሮ ድፈኑ። የአይጥ መርዝ ደግሞ በየጓሮው አትበትኑ! መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው ላይሞት ይችላል። እየተንገዳገደ ሲወጣ ጉጉቱ ወይም ድመታችሁ ይበላዋል፣ እሱም ይመረዛል። አይጥ እንደሆነች እርግዝናዋ 3 ሳምንት ገደማ ነው፤ የሞተባትን ቶሎ ትተካለች። ጉጉት እንዲህ አይራባም።

ወጥመድ ይሻላል። ዶሮና ሕፃን በማይደርስበት ቦታ፣ ግድግዳ አስታካችሁ አኑሩት። አይጥ ጥግ ጥጉን ነው የምትሄደው፣ የክፍሉ መሃል ላይ ካስቀመጣችሁት ዝገት ብቻ ትይዛላችሁ።