አንቶኒኒያኑስ ምንድን ነው?

አንቶኒኒያኑስ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በ215 ዓ.ም. ማስመታት የጀመረው የብር ሳንቲም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ከካራካላ የማዕረግ ስም «አንቶኒኑስ» የመጣ ሲሆን፣ የሁለት ዲናር ዋጋ እንደነበረው ይታመናል። ዲናሩ ያው በወንጌል የወይን አትክልት ሠራተኞች ለቀን የተዋዋሉበት ነው።

ለመለየት ከጽሑፉ በፊት በሳንቲሙ ላይ ያለውን የንጉሡን ራስ እዩ። በዲናር ላይ ንጉሡ የቅጠል ጉንጉን ያስራል፤ በአንቶኒኒያኑስ ላይ የፀሐይ ጨረር የመሰሉ ሹል ዘንጎች ያሉት አክሊል ይደፋል። ንግሥቲቱ ግን ጨረር የላትም፤ ምስሏ በግማሽ ጨረቃ ላይ ያርፋል። ጨረሩ «እጥፍ» ማለት ስለሆነ ዱፖንዲየስ በሚባለው የነሐስ ሳንቲምም ላይ አለ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሚዛን ይፈታዋል። ዱፖንዲየስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ግራም ይበልጣል፣ የካራካላው አንቶኒኒያኑስ ግን 5 ግራም ገደማ ነው።

ችግሩ ከመነሻው ነበር። ዋጋው ሁለት ዲናር፣ በውስጡ ያለው ብር ግን የአንድ ተኩል ዲናር ያህል ብቻ። ሰው ጥሩውን ዲናር ደበቀ፣ መንግሥትም ብሩን እየቀነሰ ሄደ፤ በ270 አካባቢ ብሩ ከመቶ 5 እጅ በታች ወርዶ ሳንቲሙ ስስ የብር ሽፋን ያለው መዳብ ሆነ። ስለዚህ ቀይ ወይም አረንጓዴ መልክ ያለው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። በ274 ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን ክብደቱን ወደ 4 ግራም አካባቢ አስተካከለ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት በብዙዎቹ ጀርባ ግርጌ የሚታየው የሮማ ቁጥር 21፣ 20 እጅ መዳብ ለ1 እጅ ብር ማለት እንደሆነ ይነገራል።

በጋልያ (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) የተሠሩት አስመስሎ ሥራዎች ደግሞ ትንንሽ ናቸው፤ ፊደላቸው የተዘበራረቀ፣ አንዳንዴም ትርጉም አልባ ጭረት ነው። ጽሑፉን ስታነቡ በሮማውያን አጻጻፍ «ዩ» በ«ቪ» ቅርጽ እንደሚመጣ አትርሱ።

ለማጽዳት በተጣራ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን በየቀኑ መለወጥ፣ ለስላሳ ብሩሽ። የቤት ብር የምናበራበት ሎሚ እዚህ አይነካም፤ አሲዱ ያችን ስስ ሽፋን ይገፋትና የቀረው መዳብ ብቻ ይሆናል።