የምንመኘው መሥሪያ ቤት ሳይደውል ሌላው «ጀምሩ» ሲለን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቷችኋል። ደመወዙ ክፉ አይደለም፤ ሰኞ ጀምሩ ይላል። ልባችሁ ግን ያለው ከሁለት ሳምንት በፊት ኢንተርቪው ያደረጋችሁበት ቦታ ነው። ያኛው እስካሁን ድምፁ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የፈለገ ሰው አንድ ቀን እዚህ ጭንቀት ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ቤተሰብም ጓደኛም ምክር ያዘንባል። ብዙው ምክር ግን ከፍርሃት የመነጨ ነው፤ ዝም በሉ፣ አትጠይቁ፣ አታስቀይሙ የሚል። እኔ ደግሞ እንዲህ ባለ ጊዜ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ዝምታው ነው ብዬ አምናለሁ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ወዲያው እሺ ካላልን ሌላ ሰው ይወስደዋል»

ፍርሃቱ ይገባኛል። ለአንድ ክፍት ቦታ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱም እናንተን ለማግኘት ደክሟል። ማስታወቂያ አውጥቷል፣ ሲቪ አገላብጧል፣ ፈተና ፈትኗል፣ ኮሚቴ ሰብስቧል። ሁለት ሦስት ቀን ስለጠየቃችሁ ብቻ ያንን ሁሉ ልፋት አይጥልም። ተጠባባቂ ሊኖረው ስለሚችል ግን «ትንሽ ላስብበት» ብሎ ማንጠልጠል አይሠራም። ቀኑን ቆርጣችሁ ተናገሩ፦

«ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን በደንብ አንብቤ ዓርብ ቁርጡን ባሳውቅዎ ይመችዎታል?»

ጥሪው በስልክ ብቻ ከሆነ ኦፈር ሌተሩ (የሥራ ጥሪ ደብዳቤው) በጽሑፍ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ይህ መብታችሁን ከመጠበቁም በላይ ጊዜ ይሰጣችኋል። ሲደርሳችሁ የተጻፈው ደመወዝ ጠቅላላው ይሁን የተጣራው እዩ። ከጠቅላላው ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ እጃችሁ የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው። ሥልጠና ወስዳችሁ ይህን ያህል ዓመት ታገለግላላችሁ የሚል ግዴታ ካለበት ደግሞ ቆም በሉ። እሱን ሳያዩ ፈርመው ኋላ የተቸገሩ ብዙ ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

«የምንመኘውን ቦታ ደውሎ መጠየቅ መለማመጥ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ብዙ ጥሩ ዕድል የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነውና። ማስታወቂያዎች ላይ «የተመረጡ አመልካቾች ብቻ ይጠራሉ» የሚለውን እያነበብን አድገናል። ስለዚህ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ያ ዓረፍተ ነገር ግን ሲቪ ብቻ ላስገባው ሰው የተጻፈ ነው። ፈተና የተፈተነና ኢንተርቪው ያደረገ ሰው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

ደግሞ የዘገዩት ስላልፈለጓችሁ ላይሆን ይችላል። የሚፈርመው ኃላፊ መስክ ወጥቶ ይሆናል። በጀቱ ገና አልጸደቀ ይሆናል። በምስክርነት የጻፋችኋቸው ሰዎች ስልክ አላነሡ ይሆናል። ዓለም አቀፍ ድርጅት ከሆነ ሂደቱ ወራት ሊወስድ ይችላል። የሰው ኃይል ክፍል ያለችው ሠራተኛ እናንተ እስከ ዓርብ መልስ መስጠት እንዳለባችሁ በምን ታውቃለች? ካልነገራችኋት አታውቅም። ብትነግሯት ግን ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ደብዳቤ ነገ ልታስፈርመው ትችላለች።

በኢሜይል እንዲህ ብትጽፉ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ለሒሳብ ሠራተኛነት ኢንተርቪው ያደረግሁ ነኝ። አሁን ከሌላ መሥሪያ ቤት የሥራ ጥሪ ደርሶኛል፤ እስከ ዓርብም መልስ እንድሰጥ ተጠይቄአለሁ። ምርጫዬ እናንተ ጋር መሥራት ስለሆነ፣ ውሳኔው መቼ እንደሚታወቅ ቢገልጹልኝ በጣም ይረዳኛል።»

የሌላውን መሥሪያ ቤት ስም አትጥቀሱ። ደመወዙንም አታንሡ። ማስፈራሪያ የሚመስል ቃል አይግባበት። በማግስቱ ደውላችሁ ኢሜይሉ መድረሱን አረጋግጡ። «ፊርማ ላይ ነው» ካሏችሁ ተስፋ አለው፤ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው መሥሪያ ቤት አንድ ሁለት ቀን መለመን ያዋጣል። «ገና ሂደት ላይ ነው» ካሏችሁ እስከ ዓርብ እንደማይደርስ ቁጠሩት። እስከ ቀኑ ድረስ ምንም መልስ ካልመጣ፣ ያ ሥራ እንደሌለ አድርጋችሁ ወስኑ። ከባድ ነው፣ ግን በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ የሚቆጠረው በእንዲህ ያለው ጥበቃ ጊዜ ነው።

ሌላ ጥሪ ሳይኖራችሁ ግን «ጥሪ መጥቶልኛል» አትበሉ። «እንግዲያውስ ይቅናዎት» ቢሏችሁ ምን ልትመልሱ ነው?

«አልፈሃል ብለውኛል፤ አለቀ»

አላለቀም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ይችላል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ነገር ግን ደመወዙም የሚጀመርበት ቀንም ያልተጠቀሰበት የስልክ «እንኳን ደስ አለዎት» ገና ውል አይባልም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ዋስ አምጡ፣ የአሻራ ምርመራ ውጤት አምጡ፣ ጤና ታዩ የሚል አለ። አንዱ ጋር ሊደናቀፍ ይችላል። ደብዳቤው በእጃችሁ ሳይገባ አሁን ያላችሁበትን ሥራ መልቀቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሥራ ላይ ላላችሁ ግን አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል። አዲሱ አሠሪም ይህን ያውቃል። ስለዚህ «ከአንድ ወር በኋላ ነው መጀመር የምችለው» ማለት ሐቅ ነው፤ ማንንም ሳትዋሹ ጊዜ ታገኛላችሁ።

«አንዴ ከፈረምን ታሰርን»

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያሳርፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 እንደሚለው የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ብዙ ሰው ዛሬም «45 ቀን» ይላል። እሱ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የነበረ ነው። የሚቆጠሩትም የሥራ ቀናት ብቻ ስለሆኑ፣ 60 ቀኑ በካሌንደር ከሁለት ወር ያልፋል።

በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። አሠሪውም ለሥራው አልተስማማም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብት ይችላል። በሩ ከሁለቱም በኩል ክፍት ነው። ከሙከራ በኋላ በአንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያን ሳይሰጥ የሄደ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛንና የሥራ መሪን አይመለከትም፤ እነሱ ሌላ ሕግ አላቸው። በውላችሁ ላይ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስፈሩንም እዩ። ካልሰፈረ ከመጀመሪያው ቀን ቋሚ ናችሁ፤ ያኔ ማስጠንቀቂያው ይመለከታችኋል።

«ሕጉ ከፈቀደ፣ የተሻለ ሲመጣ ስልክ አጥፍቶ መቅረት ነው»

ሕጉ መልቀቅን ፈቀደ እንጂ ሰውን አንጠልጥሎ መጥፋትን ማንም አላስተማረንም። በእናንተ ምክንያት ቁጥር ሁለት የሆነው ልጅ «አልተመረጥክም» ተብሏል። አለቃችሁ የሥራ ክፍፍሉን በእናንተ ልክ ሠርቷል። ከተማው ትልቅ ቢመስልም በአንድ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ የባንክ ሰው የባንክን ሰው፣ የኤንጂኦ ሰው የኤንጂኦን ሰው ያውቃል። ነገ ስለ እናንተ የሚጠየቀው ያ አለቃ ሊሆን ይችላል።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። የምትመኙት ቦታ ጨርሶ ባይጠራችሁ፣ እዚህ አንድ ዓመት መሥራት ትችላላችሁ? አዎ ካላችሁ ፈርሙ። በፍጹም ካላችሁና ሌላ ገቢ ካላችሁ አትፈርሙ። የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ እናትና ታናናሽ ወንድሞቹን የሚያሳድር ሰው ግን ምርጫ የለውም። ይፈርም፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። የሚመኘው ጥሪ ኋላ ከመጣም በግንባር ቀርቦ ይናገር፣ የጀመረውን ሥራ በሥርዓት ያስረክብ፣ ሕጉ ባያስገድደው እንኳ ሁለት ሳምንት ቢሰጥ መልካም ነው። ሲወጣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቅ። አሠሪው ይህን በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት።

«እምቢ ያልነው መሥሪያ ቤት ዳግም አያየንም»

ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። መሥሪያ ቤቶችን የሚያበሳጫቸው የዘገየ እምቢታ ነው። ውሳኔያችሁን ባወቃችሁበት ቀን ደውሉ፤ ደብዳቤውን ለላከው ሰው ራሱ ንገሩ፤ ከዚያ በኢሜይል አጽኑት፦ «ሌላ ቦታ ለመሥራት ወስኛለሁ። ጊዜ ሰጥታችሁ ስላያችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ወደፊት አብሬያችሁ ለመሥራት ዕድሉ ቢገኝ ደስ ይለኛል።» ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ተጠባባቂው ሌላ ቦታ ሳይቀጠር በጊዜ እንዲጠራም ትረዳላችሁ፤ እሱም እንደ እናንተ ስልኩን እያየ ነው።