ስለ ብሉዝ ጊታሪስቶች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ታላላቆቹ የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ጊታሪስቶች ሲወራ ጨዋታቸው ወደ ጎን ይባልና ሰይጣን፣ መጠጥ፣ መከራ እና «ተፈጥሮ የሰጠችው ችሎታ» ይነሳል። ይህ ወሬ በመጀመሪያ የሚበድለው ሰዎቹን ነው፤ ለዓመታት ለፍተው ያገኙትን ሙያ ይነጥቃቸዋል። ጊታር የሚማረውን ሰው ደግሞ ያሳስተዋል፤ መልሱ ጣታቸው ላይ እያለ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

«ሮበርት ጆንሰን ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ነው ጊታር የቻለው»

የብሉዝ ጊታሪስቱ ሮበርት በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ በእኩለ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመ፣ ሰይጣን መጥቶ ጊታሩን ቃኘለት ይባላል። ይህን ታሪክ ግን ስለ ራሱ ያወራ የነበረው ሌላ ሰው ነው፤ ቶሚ ጆንሰን የሚባል፣ ከሮበርት ጋር ዝምድና የሌለው የሚሲሲፒ ብሉዝ ተጫዋች። ታሪኩን ለተመራማሪዎች የነገራቸውም የቶሚ ወንድም ሌዴል ነው። ሮበርት ላይ የተለጠፈው በኋላ ነው። «ክሮስ ሮድ ብሉዝ» (የመስቀለኛ መንገድ ብሉዝ) የተባለውን የሮበርት ዘፈን ያዳመጠ ሰው ደግሞ ተንበርክኮ ፈጣሪን ምሕረት የሚለምን፣ መኪና ለማስቆም የሚሞክር መንገደኛ ያገኛል። ሰይጣንን በስም የሚጠሩ ሌሎች ዘፈኖች አሉት፤ የነፍስ ሽያጭ ግን አንዱም ውስጥ የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሮበርት ገና ወጣት ሳለ፣ የብሉዝ ተጫዋቾቹ እነ ሰን ሃውስ እረፍት ሲወጡ ጊታራቸውን እያነሳ ይነካካ ነበር፤ ሰዉ ግን አልወደደለትም። ከዚያ ከአካባቢው ጠፋ። ሲመለስ ሰን ሃውስ የሰማውን ማመን አቃተው። በመሃል የነበረው በተወለደበት በሄዝልኸርስት አካባቢ ነው፤ አይክ ዚመርማን ከሚባል ጊታሪስት ጋር እየኖረ ይማር ነበር። ሁለቱ ሌሊት መቃብር ቦታ ሄደው ይለማመዱ እንደነበር የዚመርማን ቤተሰብ ተናግሯል፤ እዚያ የሚረብሻቸውም የሚረብሹትም ሰው አልነበረም።

በኖቬምበር 1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በጁን 1937 ደግሞ ዳላስ 29 ዘፈኖች ቀረጸ። በኦገስት 1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ከቅጂዎቹ በግልጽ የሚሰማው ብልሃት፣ ፒያኒስቶች በግራ እጃቸው የሚጫወቱትን የቡጊ ቤዝ (የሚደጋገም ወፍራም ዜማ) ወደ ጊታር ወፍራም ክሮች ማምጣቱ ነው። ኤ ከሚባለው ድምፅ ተነስቶ መሞከር ይቻላል፦ (ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው) 5ኛውን ክር ባዶውን ተወው፣ 4ኛውን ክር 2ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ በሌባ ጣትህ ያዝ። ሁለቱን አንድ ላይ ሁለት ጊዜ ምታ። ከዚያ ሌባ ጣትህን ሳታነሳ 4ኛ ፍሬትን በቀለበት ጣትህ ጨምርና ሁለት ጊዜ ምታ፤ ተመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁሉንም ምት እኩል ያደርገዋል፣ ያኔ ብሉዙ ይጠፋል። ከየጥንዱ የመጀመሪያው ረዘም፣ ሁለተኛው አጠር ማለት አለበት። የቀኝ እጅህ መዳፍ ጠርዝ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ ሆድ በኩል የሚያርፉበት ድጋፍ) ላይ በቀላሉ ካላረፈ ደግሞ ቤዙ ይንጫጫል።

«ሦስቱ ኪንጎች ወንድማማቾች ናቸው»

አይደሉም። ቢ.ቢ. ኪንግ፣ አልበርት ኪንግና ፍሬዲ ኪንግ ሦስት የብሉዝ ጊታሪስቶች ናቸው። ቢ.ቢ. ሙሉ ስሙ ራይሊ ቢ. ኪንግ ነው። አልበርት ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ኔልሰን ነበር። ፍሬዲ ደግሞ የቴክሳስ ልጅ ነው። አጨዋወታቸውም የተለያየ ነው። ፍሬዲ አውራ ጣቱ ላይ የፕላስቲክ፣ ሌባ ጣቱ ላይ የብረት ፒክ (ክር መምቻ) አድርጎ ይመታ ነበር። አልበርት ግራኝ ነበር፤ ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ክሩን ሳይቀይር ገልብጦ ይይዝ ስለነበር ቀጭኑ ክር ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች ይሆናል። ስለዚህ ሌሎች ወደ ላይ የሚገፉትን ቀጭን ክር እሱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ለመሳብ የሚያግዘው የመላው እጁ ጉልበት ነው። ክሩን የሚመታውም ያለ ፒክ በአውራ ጣቱ ነው። የእሱን ረጅም፣ የሚያለቅስ ስበት በተለመደው አያያዝ በትክክል ለመድገም የሚታገል ሰው ይህን ካላወቀ በከንቱ ይደክማል።

«ቢ.ቢ. ኪንግ ኮርድ ስለማይችል ነጠላ ኖታ ብቻ ይጫወት ነበር»

ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) ላይ ጎበዝ እንዳልሆነ ራሱ በግልጽ ይናገር ነበር። ከዚህ ተነስቶ ችሎታው ጠባብ ነው ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። እሱ እየዘፈነ ጊታር አይመታም፤ ይዘፍንና ያቆማል፣ ጊታሩ ይመልስለታል። ስለዚህ እያንዳንዷ ኖታ እንደ ሰው ድምፅ መተንፈስ ነበረባት። የታወቀውን ቪብራቶ (የኖታ መንቀጥቀጥ) ያገኘውም ስላይድ (ክሩ ላይ በሚንሸራተት ቱቦ) የሚጫወተውን ዘመዱን ቡካ ዋይትን ለመምሰል ሲሞክር ነው። በቱቦው አልሆነለትም፤ በጣቱ እያንቀጠቀጠ ያንኑ ድምፅ አወጣ።

አሠራሩ ይህ ነው። 2ኛ ክር 10ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ኤ በሌባ ጣትህ ጫፍ ያዝ። አውራ ጣትህን ከጊታሩ አንገት አላቅ፤ ሌሎቹን ጣቶች ዘርጋቸው። አሁን የበር ቁልፍ እንደምታዞር የእጅ አንጓህን አሽከርክር። ጣቱ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም፤ የሚሠራው አንጓው ነው። በሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ጀምር፣ እኩል ሲሆንልህ ወደ ሦስት ከፍ አድርግ። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፦ አውራ ጣት አንገቱን ከጨበጠ አንጓው ይታሰራል፤ ክሩ ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ ወደ መነሻው ካልተመለሰ ደግሞ ኖታው ከቅኝት የወጣ ይመስላል።

እዚያው አጠገብ 12ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ቢ ግማሽ ድምፅ (የአንድ ፍሬት ርቀት) ብትስበው ሲ፣ አንድ ድምፅ ብትስበው ሲ ሻርፕ፣ አንድ ተኩል ብትስበው ዲ ይሰጥሃል። ቢ.ቢ. ከአንድ ፍሬት ይህን ያህል ያወጣ ነበር። ይህን የሚሠራ ሰው ችሎታው ጠባብ ነው ማለት አይቻልም።

ስለ ሉሲልም አንድ ነገር፦ ሉሲል አንዲት ጊታር አይደለችም፣ በሕይወት ዘመኑ ለያዛቸው ብዙ ጊታሮች ሁሉ የሰጠው ስም ነው። እሱ እንደተናገረው፣ በ1949 አርካንሳስ ትዊስት በተባለ ቦታ ሲጫወት ሁለት ሰዎች በሴት ተጣልተው ቤቱን የሚያሞቀውን የላምባ በርሜል ገለበጡት፤ ቤቱ ተቃጠለ። ጊታሩን ለማውጣት እሳት ውስጥ ተመልሶ ገባ። ሉሲል የሴትዮዋ ስም ነው።

«ጥሩ የብሉዝ ድምፅ የሚወጣው ከወፍራም ክር ነው»

ይህ የመጣው ከብሉዝ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን ነው። እሱ ቀጭኑን ክር .013 ኢንች ውፍረት ያለው ያደርግ ነበር፤ ነገር ግን ጊታሩን በግማሽ ድምፅ ወደ ኢ ፍላት ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኘው፤ ይህ የክሩን ውጥረት በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያም ሆኖ ከመደበኛ .010 ክር አንድ ተኩል እጥፍ ይወጠራል፤ ጣቱም ብዙ ጊዜ ይላጥ ነበር። ቢ.ቢ. ኪንግ በ.010 ተጫውቶ ያንን ሁሉ ድምፅ አውጥቷል። ጀማሪ በ.009 ወይም በ.010 ቢጀምር ይሻለዋል። በ.010 በተስተካከለ ጊታር ላይ በቀጥታ .013 የሚያስር ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል፦ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጥና ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፤ ከአንገቱ ጫፍ ያለው ክር የሚያልፍበት ቦይ ደግሞ ስለሚጠብ ክሩ ተይዞ ቅኝቱ ይዛባል።

«ብሉዝ ማለት ሦስት ኮርድና 12 ባር ነው»

በብዛት አዎ፤ ባር ማለት አራት ምት ነው፣ ኮርዶቹም የሚጠሩት በሚነሱበት የስኬል ድምፅ ተራ ቁጥር ነው፦ 4 ባር በመጀመሪያው ኮርድ፣ 2 በአራተኛው፣ 2 በመጀመሪያው፣ ከዚያ አንድ በአምስተኛው፣ አንድ በአራተኛው፣ 2 በመጀመሪያው። ጆን ሊ ሁከር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ኮርድ ላይ ቆሞ እግሩን እየመታ ይሄዳል። ላይትኒን ሆፕኪንስ ደግሞ ኮርዱን የሚቀይረው ግጥሙ ሲያልቅለት ስለሆነ ባሩ አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል። ከእነዚህ ጋር የሚያጅብ ሰው ባር መቁጠሩን ትቶ ዘፋኙን ማየት አለበት።

«ስላይድ ቀላል ነው፣ ቱቦውን ማንሸራተት ብቻ ነው»

ቱቦው የሚያርፈው ልክ በፍሬቱ ብረት አናት ላይ ነው፤ እንደ ጣት ከኋላው ከሆነ ድምፁ ዝቅ ይላል። ክሩን ወደ ታች አይጫንም፣ ከተጫነ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ከቱቦው በስተኋላ ያለ ጣት ክሮቹን በስሱ ነክቶ ካላፈናቸው ደግሞ የማይፈለግ ድምፅ ይከተላል። የስላይድ ተጫዋቹ ኤልሞር ጄምስ የሚወደው ኦፕን ዲ የሚባል ቅኝት ለመጀመር ይመቻል፦ 6ኛውን ወደ ዲ፣ 3ኛውን ወደ ኤፍ ሻርፕ፣ 2ኛውን ወደ ኤ፣ 1ኛውን ወደ ዲ ዝቅ አድርግ። ከዚያ 12ኛ ፍሬት ዲ፣ 5ኛው ጂ፣ 7ኛው ኤ ነው፤ የብሉዙ ሦስት ኮርዶች ተሟሉ።

«የሴቶች ሙያ አልነበረም»

ጊታሪስቷ ሜምፊስ ሚኒ ከ1929 ጀምሮ ስትቀርጽ ኖራለች፤ ኤሌክትሪክ ጊታርም ቀድመው ካነሱት አንዷ ናት። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢግ ቢል ብሩንዚ በጊታር ውድድር እንዳሸነፈችው ራሱ ጽፏል።

«ብሉዝ የአሜሪካ ትዝታ ነው»

በናፍቆቱ ይመሳሰላሉ። በቅኝት ግን ከሲ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። የብሉዝ ጊታሪስት አብዝቶ የሚመላለሰው በሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ነው። ስለዚህ ባቲ የሚጫወት ሰው መንገዱን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚቀረው ሦስተኛዋ ድምፅ ናት። በኤ ብሉዝ 3ኛ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ሲ ወደ ታች በትንሹ ሳብ፤ ሲ ሻርፕ ሳይደርስ አቁም። ያቺ በሁለቱ መሃል ያለች ድምፅ ፒያኖ ላይ ቁልፍ የላትም፤ ማሲንቆ ላይ ግን ጣትን ትንሽ ማንሸራተት ይበቃል።