ከስብሰባው ቀድሞ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ፦ ስለ ድርጅት ቦርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአንድ አገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅት የቦርድ ጸሐፊ በነበርኩባቸው ዓመታት ቃለ ጉባኤውን ብዙ ጊዜ የምጽፈው ከስብሰባው አንድ ቀን አስቀድሜ ነበር። ውሳኔው የታወቀ ስለሆነ የሚቀረኝ የተገኙትን ስም መሙላት ብቻ ነው። ልማዱ ከስንፍና ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ስለ ቦርድ ከያዝነው እምነትም ጭምር ነው።

«ቦርድ ለፈቃድ ማሟያ ነው»

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ የሚመራ ድርጅትን ከማኅበር ለይቶ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው የበላይ አካሉ ቦርዱ ራሱ ነው። በማኅበር ግን የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። የእናንተ ድርጅት ከሁለቱ የትኛው ነው ተብለው ሲጠየቁ እርስ በርስ የሚተያዩ የቦርድ አባላት አጋጥመውኛል። መተዳደሪያ ደንቡን ያላነበበ ሰው ሥልጣኑን ሊጠቀምበት አይችልም።

«ታዋቂ ሰው ይበጃል»

የፕሮፌሰሩና የባለሀብቱ ስም በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያምራል፤ ወንበራቸው ግን ባዶ ነው። ከእነርሱ ይልቅ ሒሳብ የምታውቅ፣ ቁጭ ብላ የወጪ ሰነድ የምታገላብጥ ሴት ትጠቅማለች። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የሾፌሩ ደመወዝ ከፕሮግራም ይቆጠር ወይስ ከአስተዳደር የሚለውን በኅዳር የሚጠይቅ የቦርድ አባል ከሌለ፣ በሐምሌ ኦዲተሩ ይጠይቀዋል።

«የማይከራከር ቦርድ ጥሩ ቦርድ ነው»

ይህን የምንለው እኛው ነን፤ እሑድ ጠዋት በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ጠፉ ሦስት ወንበሮች ገንዘብ ያዡን አስነስተን የምናፋጥጠው። ሰኞ በቦርድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ ይሉኝታ ይይዘናል። የእድሩ ገንዘብ ከኪሳችን የወጣ፣ የድርጅቱ ደግሞ የለጋሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

አንድ ሊቀመንበር ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ «ሥራ እንዳይቆም» ብለው ባዶ ቼኮች ላይ ፈርመው ትተው ሲሄዱ አይቻለሁ። አንድ ብር አልጎደለም። ሁለት ሰው እንዲፈርም የተፈለገበት ምክንያት ግን ያን ዕለት ቀረ። እኔን ጨምሮ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ አንጋፋ ሰው ነበሩና።

«ቦርድ የበላይ ከሆነ በሁሉም ይግባ»

አይግባ። የወረቀትና የቀለም ግዥ የሚያጸድቅ ቦርድ ለበጀቱ ጊዜ አይተርፈውም። ለግል ጉዳዩ የድርጅቱን መኪና የሚያዝ ሊቀመንበርማ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ለቦርድ የሚቀርበው የተሳካው ሥራ ነው»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው፤ ጥፋቱም ከቦርዱ ይልቅ የሥራ አስኪያጁ ነው። በስብሰባው ዋዜማ 90 ገጽ ሪፖርት ይላካል፤ ሥልጠና ወሰዱ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሡ። አባላቱ በማግስቱ ከማመስገን በቀር ምን ይላሉ? ያልተፈታ ነገር አልቀረበላቸውም።

አዲስ የመጣችው ሥራ አስኪያጅ ይህን ሰበረችው። ከሳምንት በፊት ሁለት ገጽ ብቻ ላከች። የለጋሹ ውል በመጋቢት ያልቃል፤ 11 ሠራተኞች አሉን፤ ገንዘብ ያለን ለአምስት ነው፤ ምን እናድርግ? ሁልጊዜ በዝምታ የሚቀመጡት ጡረተኛ የባንክ ባለሙያ እስክሪብቶ አውጥተው የቤት ኪራዩን ውል ጠየቁ። ቢሮውን ለሌላ ድርጅት ማጋራት ይቻል እንደሆነ ተነሣ፤ አንዲት ሐኪም የክሊኒኩን ሥራ ከወረዳው ጤና ጣቢያ ጋር ማቀናጀት ይሻላል አለች፤ ሊቀመንበሩ አልተስማሙም። ምሳ ሰዓት አለፈ።

እኔ አስቀድሜ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ «ቦርዱ ሪፖርቱን አድምጦ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ» ይል ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ባዶ ወረቀት ለመንኩ።