የትምህርት ሥነ ልቦና ምንነትና ባሕርይ፤ ከሐዋሳ መማሪያ ክፍሎች ሲታይ

የትምህርት ሥነ ልቦና ሰው እንዴት እንደሚማር፣ ሳይማር ሲቀርም ምን እንዳገደው፣ መምህሩ የሚያደርገው ነገር በተማሪው ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚያጠና ዘርፍ ነው። ስሙን የሰሙ ብዙዎች የሰው ልብ ማንበቢያ ጥበብ ይመስላቸዋል። ጥያቄዎቹ ግን የየዕለቱ ናቸው፦ ትናንት የገባው ትምህርት ዛሬ የት ሄደ? ገበያ ላይ በሳንቲም የማይሳሳት ልጅ ደብተሩ ላይ ለምን ይሳሳታል? 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው በምን ይታወቃል? መልስ ሲጠፋ አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው «ሰነፍ ነው» የሚለው ቃል ነው። ስንፍና የተባለው ነገር ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ዘርፉ ከአጠቃላይ ሥነ ልቦና ሐሳብ ይዋሳል፤ የተዋሰውን ግን እንዳለ አይወስድም። ጸጥ ባለ ላቦራቶሪ በአንድ ሰው ላይ የታየ ውጤት ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ በሚቀመጥበት ክፍል ይሠራ እንደሆነ ራሱ ይፈትሻል። መሣሪያዎቹ የክፍል ምልከታ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሙከራና የፈተና ውጤት ትንተና ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ ትምህርቱን የሚያገኙት በዋናነት በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና በሐዋሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ናቸው፤ በሌላ ሙያ ተመርቆ ወደ ማስተማር የሚገባም በድኅረ ምረቃው የመምህርነት ዲፕሎማ ውስጥ ይማረዋል።

ከየት መጣ

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን በራሱ ላይ እየሞከረ የመርሳትን ፍጥነት ለካ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አወጣ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶች ከተዘጋ ሳጥን መውጫውን እንዴት እንደሚያገኙ አጠና፤ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል የሚለውን ሕግም ከዚሁ አወጣ። በ1905 ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በትምህርት ልዩ እገዛ የሚያሻቸውን ልጆች መለያ ፈተና አዘጋጀ። ውጤቱ የልጁን አቅም እስከ መጨረሻው የሚወስን አድርገው የወሰዱትን ቢኔ ራሱ ተቃውሟቸዋል፤ ይህ ተቃውሞ ግን የፈተናውን ያህል አልተስፋፋም።

ጉዳዩ በእኛ አገር ከእነዚህ ሰዎች በፊትም በተግባር ይታወቅ ነበር። የኔታ ልጁን በሀ ሁ ሂ ተራ ካስቆጠሩት በኋላ ያንኑ ፊደል በአቡጊዳ ያስነብቡታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ልጅ የመጀመሪያውን ተራ እንደ ዜማ ያወርደዋል፤ ጣቱ አንድ ፊደል ላይ ቆሞ አፉ ሦስት ፊደል አልፎ ሲሄድ ይታያል። ተራው ሲቀየር ዜማው ይፈርስና ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። በቃል መያዝንና ማወቅን ለመለየት ከዚህ የቀለለ ፈተና ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ በኋላም ንባቡ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም እያለ በየደረጃው ይሄዳል፤ አንዱን ያላጠራ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1968 ጠንቅቆ መማር በሚል ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ገበያውና ደብተሩ

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ቤተሰቡን የሚያግዝ ልጅ እናስብ። አንዱ ቆሮሶ 85 ብር ነው፤ ደንበኛው ሦስት ወስዶ 500 ብር ሰጠው። ልጁ «ሦስት ሰማንያ 240፣ ሦስት አምስት 15፣ በድምሩ 255፤ እስከ 300 ድረስ 45፣ ከዚያ 200» ብሎ 245 ብር ይመልሳል። ይኸው ልጅ ክፍል ውስጥ 500 ሲቀነስ 255 ተብሎ ወደ ታች ሲጻፍለት 355 ይጽፋል። ስሕተቱ የግምት አይደለም፤ ሕግ አለው። በየቤቱ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ቀንሷል፦ ከ5 ላይ 0፣ እንደገና ከ5 ላይ 0፣ ከ5 ላይ 2። ከዜሮ ላይ 5 አይቀነስም፣ መበደር ያስፈልጋል የሚለው እርምጃ አልገባውም፤ ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ።

እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚሏ ሬሲፊ ከተማ በመንገድ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆች የተጠኑበት ሥራ ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ልጆቹ በሽያጭ ላይ እያሉ ከተጠየቁት 98 ከመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ ተመሳሳዩ ስሌት በወረቀት በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ያገኙት 37 ከመቶውን ነው። ለመምህሩ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ልጁ በአፉ ያለውን በሰሌዳ ላይ በየመስመሩ መጻፍ፣ ከ255 እስከ 300፣ ከ300 እስከ 500 እያሉ ማሳየትና ወደ ታች የሚሠራውን ቅነሳ ከዚያ ጋር ማገናኘት። «ጎበዝ ነጋዴ፣ ደካማ ተማሪ» ብሎ ማለፍ ግን ያለውን እውቀት መጣል ነው።

አእምሮ ስንት ነገር ይይዛል

ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ ጻፈ፤ ኔልሰን ካዋን በ2001 ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አደረገው። ይህ ጠባብ ቦታ የሥራ ትውስታ ይባላል፤ አብዛኛው ትምህርት የሚበላሸውም እዚህ ነው። ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው የሚለውን ጥያቄ ለመሥራት ተማሪው የጋራ ታሕት (የታችኛው ቁጥር) መፈለግ፣ ላዕሉን (የላይኛውን) መቀየር፣ መደመርና የጀመረውን አለመርሳት አለበት። የማባዛት ሰንጠረዡ በእጁ ካልገባ ሁለት ሦስት ስድስት መሆኑን ለማስላት የሚያወጣው ጉልበት ቀሪውን ቦታ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ላይ ያለውን ከላይ፣ ታች ያለውን ከታች ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ይወጣል።

ይህንን ስሕተት «ተሳስተሃል» ብቻ ብሎ ማረም አይነቅለውም። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል። አንድ ድፎ ዳቦ ሰሌዳ ላይ ስሎ ግማሹን ማጥቆር፣ ሲሶውን መጨመር፣ ከዚያም «ግማሽ ነበረን፣ ጨመርንበት፤ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ብሎ መጠየቅ ልጁን ከራሱ መልስ ጋር ያጋጨዋል። ከተጋጨ በኋላ ድፎውን ስድስት ቦታ መቁረጥ፦ ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት፣ በድምሩ አምስት ስድስተኛ።

ማን እንደገባው ለማወቅ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከልማድ ያለፈ ጥቅም የለውም። «አዎ ቲቸር!» የሚለው ኅብረ ድምፅ የሚነግረን የፊተኛው ረድፍ ድምፅ እንዳለው ነው። የሚሻለው ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ወስዶ በግማሽ ሉክ ሁለት ጥያቄ ማሠራት ነው። ወረቀቶቹ ማርክ አያስፈልጋቸውም፤ ሦስት ቦታ ይከመራሉ፦ ያገኙ፣ በአንድ ዓይነት ስሕተት የወደቁ፣ ሌላ። ሁለተኛው ክምር ከበዛ የነገው ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ስሕተት ነው። ሦስተኛው ክምር ውስጥ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድላቸው የዛሬው ሳይሆን የቀደሙት ክፍሎች ትምህርት ስለሆነ፣ ያንኑ ደግሞ ማስረዳት አይጠቅማቸውም።

ጥያቄ ጠይቆ መልስ መጠበቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሜሪ በድ ሮው ያጠናቻቸው መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት መልሶቹ ረዘሙ፤ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ።

መርሳትን በተመለከተ የኤቢንግሃውስ ቁጥሮች አሁንም ያስደነግጣሉ። የያዘውን እንደገና ለመያዝ ሲሞክር ከመጀመሪያው ድካም የተረፈለት ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 ከመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 ከመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ 21 ከመቶ ነበር። ትርጉም ያለው ትምህርት ከዚህ ቀስ ብሎ ይረሳል፤ መንገዱ ግን ያው ነው። መድኃኒቱ ክፍለ ጊዜውን በሦስት አጭር ጥያቄ መጀመር ነው፦ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር፤ ደብተር ሳይከፈት። ደብተር መዘጋቱ ዋናው ነገር ነው። ለፈተና ደብተሩን አምስት ጊዜ የሚያነብ ተማሪ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ያወቀው ግን የደብተሩን መልክ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ።

ሁለት ፊደል፣ ሦስት ቋንቋ

የሐዋሳ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቋንቋ ይጠብቀዋል፦ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሲዳሙ አፎ (ሲዳምኛ)፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ፣ እንደገና በላቲን የሚጻፈው እንግሊዝኛ። አንዱ ትምህርት ሌላውን ሲያግዝም ሲያደናቅፍም ሽግግር ይባላል። በሲዳምኛ ማንበብ የለመደ ልጅ የላቲን ፊደሎቹን ስለሚያውቅ ለእንግሊዝኛ ቀድሟል። ነገር ግን እንግሊዝኛው ኤክስ የሚለው ፊደል በሲዳምኛ ጥ፣ ሲ የሚለው ጭ፣ ኪው የሚለው ቅ ተብሎ ይነበባል። ልጁ ቦክስ (ሣጥን) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ በጥ ቢያነበው ያጠፋው ነገር የለም፤ የተማረውን በታማኝነት ተጠቅሟል። ሁለቱን ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህራን ተነጋግረው የሚጋጩትን ጥቂት ፊደሎች ጎን ለጎን ቢያሳዩ ግራ መጋባቱ ቶሎ ሊጠራ ይችላል።

ማጠናከሪያና ቅጣት

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። በትምህርት ቤት ማጠናከሪያ ሲባል የቅዳሜው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ነው፤ በሥነ ልቦና ግን አንድን ባሕርይ ደጋግሞ እንዲታይ የሚያደርግ ማንኛውም ውጤት ነው። አዎንታዊው የሚወደድ ነገር ሲጨመር፣ አሉታዊው የሚጠላ ነገር ሲነሣ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የቤት ሥራውን ለሠራ ተማሪ የዓርቡ ቢቀርለት አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው። አሉታዊ የሚለውን ቃል ይዞ ቅጣት ነው ብሎ መመለስ በፈተና ላይ የተለመደ ስሕተት ነው።

ቅጣት ባሕርይን ለጊዜው ያቆማል፤ በምትኩ ምን መደረግ እንዳለበት ግን አያስተምርም። አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ይሠራል። ሂሳብ የሚያስጨንቀው ልጅ ረብሾ «ውጣ!» ሲባል ከጭንቀቱ ወጣ፤ ነገም ይረብሻል፤ መምህሩ የቀጣው ሲመስለው ሸልሞታል። የአካል ቅጣት ደግሞ ከሥነ ልቦናው በፊት በሕግ የተዘጋ ነው፦ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ሽልማትም እንደ መድኃኒት መጠን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመ ጥናት ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ብትስሉ ትሸለማላችሁ ተባሉ፤ ከሽልማቱ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ለመሳል ያዋሉት ጊዜ ካልተሸለሙት በግማሽ ያህል አነሰ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የውጤት ካርዱ ላይ የሚጻፈው ደረጃ ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው የቤት ጥያቄ 60 ልጅ ካለበት ክፍል ምናልባት አስሩን ያበረታል። 48ኛ የወጣው 41ኛ ለመሆን ምን መሥራት እንዳለበት ከቁጥሩ አያነብም። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እችላለሁ ማለት የሚገነባው በዋናነት ራስ ሠርቶ ከማግኘት ነው ያለው ለዚህ ልጅ ይሠራል፦ ባለፈው ወር ከ10 ሦስት፣ በዚህ ወር አምስት አግኝተሃል ማለት ከደረጃው ይልቅ ይነግረዋል።

የፈተና ምርመራ

ፈተና ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይፈትናል። ለምርጫ ጥያቄዎች የሚሠራው ስሌት እንዲህ ነው። የ60ዎቹ ወረቀት ከከፍተኛ ውጤት ወደ ዝቅተኛ ይደረደራል፤ ከላይና ከታች 27 ከመቶ፣ ማለትም 16፣ 16 ወረቀት ይወሰዳል። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 14፣ ከታችኞቹ 6 ቢያገኙት፣ ድምሩ 20 ለ32 ሲካፈል 0.63 ይመጣል፤ ይህ የቅለት መጠኑ ነው። የሁለቱ ልዩነት 8 ለ16 ሲካፈል 0.5 ይሆናል፤ ይህ ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅሙ ነው። ከ0.2 በታች የወረደ ጥያቄ እንደገና ይጻፋል። ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ማለትም ደካሞቹ ያገኙትን ጎበዞቹ ከሳቱት፣ መጀመሪያ የሚታየው የመልስ ቁልፉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ለ ብሎ ሊጽፍ ሐ ብሏል።

የቆየ ስሕተት

አንዳንዱ ሰው በዓይን፣ አንዳንዱ በጆሮ፣ አንዳንዱ በእጅ ይማራል፣ ስለዚህ ለየብቻ ይማሩ የሚለው ትምህርት እስካሁን በሥልጠናዎች ይሰጣል። ሐሳቡን የመረመረው እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የጥናቶች ግምገማ በበቂ ማስረጃ የተደገፈ ሆኖ አላገኘውም። ሰው ምርጫ አለው፤ በምርጫው መማሩ ግን የበለጠ እንዲማር አያደርገውም። ካርታ ለሁሉም በዓይን፣ የፊደል ድምፅ ለሁሉም በጆሮ ይማራል፤ የሚወስነው ትምህርቱ ነው።

አንዳንድ ችግር ደግሞ ከነጭራሹ የትምህርት ሥነ ልቦና አይደለም። ከሰሌዳ ሲገለብጥ የሚሳሳት፣ ከመጽሐፍ ሲገለብጥ ግን የማይሳሳት ልጅ ዓይኑ ይታይ። ከበስተኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ የቃል ፈተና ላይ ተ እና ደ የሚያምታታ ጆሮው ይታይ። ምርመራው እስኪደርስ ወደ ፊተኛው ዴስክ ይዛወራል፤ የ8 ሰዓት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ የሚያንጸባርቅበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ።