የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች ስርጭት ምንድን ነው?

ስርጭት ማለት ከሕዝቡ ምን ያህሉ በሕመሙ እንደተያዘ የሚያሳይ ድርሻ ነው። «በዚህ ወረዳ ከአራት ሰው አንዱ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» የሚል ንግግር በጥናት ስም ተደጋግሞ ይሰማል። ተናጋሪው ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም፤ ጥናቱ ውስጥ አለ። ጥናቱ የቆጠረው ግን ሕመምተኛን ሳይሆን ለተጨማሪ ምርመራ የተለየን ሰው ነው።

በኢትዮጵያ ድብርትና ጭንቀትን የመሰሉ የተለመዱ ሕመሞች በብዛት የሚጠኑበት መጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስአርኪው-20 ነው፤ ያለፉትን 30 ቀናት የሚመለከቱ፣ «አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስባቸው 20 ጥያቄዎች አሉት። መጠይቁ ወንፊት ነው። ወንፊት ላይ የቀረው ሁሉ ጠጠር አይደለም፤ ያልደቀቀ እህልም አብሮ ይቀራል። የቀዳዳው ስፋት መቁረጫ ነጥቡ፣ ማለትም ሰውን ለተጨማሪ ምርመራ የሚያስለየው የ«አዎ» ብዛት ነው፤ በአገራችን ጥናቶች 6ም፣ 8ም፣ 11ም ተወስዷል። የሁለት ከተሞችን ውጤት አነጻጽሮ «እዚያ ይብሳል» ለማለት መጀመሪያ ወንፊቱ አንድ መሆን አለበት። ዱቄቱ ሲረጥብም ጓጉሎ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ የሰውነት ሕመምም ሰውን እንዲሁ ያስይዛል፦ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምግብ አለመፈጨት፣ የሆድ አለመመቸት፣ ሁልጊዜ ድካም መሰማት፣ ቶሎ መድከም ከሃያዎቹ ጥያቄዎች ስምንቱ ናቸው። መቁረጫው 8 ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ስለ ሐዘኑ አንድም «አዎ» ሳይል ነጥቡን ሊሞላ ይችላል። እርግዝናም እነዚህን የመሰሉ ምልክቶች ያመጣልና ነፍሰ ጡሮችን የሚያጠኑ በተለይ ይጠንቀቁ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ከ1,000 ሰዎች 100ው በእርግጥ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፤ ካልታመሙት ደግሞ 80 በመቶውን በትክክል ያሳልፋል። ስለዚህ 80 ታማሚዎችና 180 ያልታመሙ ሰዎች ይያዛሉ፤ ድምሩ 260፣ ማለትም 26 በመቶ። «ከአራት አንዱ» የሚባለው እንዲህ ይወለዳል፤ እውነተኛው ከአሥር አንዱ ሆኖ ሳለ። ማረሚያው አስቸጋሪ አይደለም፦ ከ0.26 ላይ በስህተት የሚያዙትን 0.20 ቀንሱ፤ የቀረውን 0.06 ለ0.60 አካፍሉ (0.80 ሲደመር 0.80 ሲቀነስ 1)፤ 0.10 ይመጣል። ሁለቱ 80 በመቶዎች ግን በዚያው ሕዝብና በዚያው ቋንቋ በሐኪም ቃለ መጠይቅ የተረጋገጡ ካልሆኑ እርማቱም ያሳስታል።

«ታዲያ የሰዉን ሥቃይ ልታሳንሱ ነው?» የሚል አለ። በፍጹም። ከ180ዎቹ ብዙዎቹ ሐዘን ላይ ያሉ ወይም የራባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ እርዳታ ይገባቸዋል። የሚገባቸው ግን የድብርት ክኒን ላይሆን ይችላል፤ በ26 በመቶ ተሰልቶ የሚገዛ መድኃኒት ደግሞ ለከባድ ታማሚው የሚውለውን በጀት ይበላል።

ሌላው የሚዘለለው ጊዜው ነው። በዝርዝር ቃለ መጠይቅ በተሠሩ ሰፋፊ ጥናቶች፣ ባለፉት 12 ወራት ከተጠኑት ሕመሞች አንዱ የታየበት ሰው በናይጄሪያ 5.8 በመቶ፣ በደቡብ አፍሪካ 16.5 በመቶ ነበር፤ በዕድሜ ዘመን ሲጠየቅ 12.1 እና 30.3 ይሆናል። የ30 ቀን፣ የ12 ወርና የዕድሜ ዘመን ቁጥር አይነጻጸሩም። የናይጄሪያው ማነስም የጤንነት ማስረጃ ብቻ ተደርጎ አይወሰድ፤ ለማያውቀው ጠያቂ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው በየትኛውም መጠይቅ ያመልጣል።

መጠይቁን በእጃቸው ለሚሞሉ መረጃ ሰብሳቢዎች፦ 17ኛው ጥያቄ ሕይወትን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ «አዎ» ያለ ሰው ድምሩ 2ም ቢሆን በዚያው ቀን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር መገናኘት አለበት፤ ማን ጋር እንደሚላክ ጥናቱ ሳይጀመር ይወሰን።