የእጅ ሥራና ሥዕል የሚያስተምር መምህር እንዴት ይሠለጥናል?

አንድ አሮጌ ጋዜጣ ውሰዱና ከላይ ወደ ታች ቅደዱት። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ከጎን ወደ ጎን ሞክሩ። ይንሻፈፋል፣ ጥርስ ጥርስ ያወጣል፣ ወደፈለገበት ይጎትታችኋል። ወረቀቱ በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ ነው። ይህን በእጁ የሞከረ መምህር፣ ነገ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ «ወረቀቱ እምቢ አለኝ» ብሎ ሲመጣ «ተጠንቅቀህ ቅደድ!» ብሎ አይቆጣውም። ወረቀቱን አዙሮ ይሰጠዋል፣ በቃ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለ መምህር እንዴት እንደሚሠለጥን ነው። በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ማግኘት ስለሚከብድ ከማነበው የለቀምኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ። ስሎይድ ስለሚባለው የእጅ ሥራ ማስተማሪያ ዘዴ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም እላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ሥዕልና የእጅ ሥራ የሚያስተምረው ሰው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ ትምህርቱን ብቻ ይዞ ከክፍል ክፍል የሚዞር ባለሙያ ነው። ሌላው ሒሳብም፣ ንባብም፣ ሳይንስም የሚያስተምር የክፍል መምህር ሲሆን፣ ሥዕሉ ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ነው። በብዙ አገሮች ትንንሾቹን ልጆች የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ሥልጠናው ላይ ለሥዕልና ለእጅ ሥራ የሚደርሰው ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። ባለሙያው ቁሳቁሱን ያውቃል፣ የክፍል መምህሩ ልጁን ያውቃል። እኔ በበኩሌ የክፍል መምህሩ በደንብ ቢሠለጥን የሚተካከለው የለም ባይ ነኝ።

በአውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትምህርት ቤት ሥዕል ማለት በአብዛኛው መገልበጥ ነበር። መምህሩ መስመር ያሰምራል፣ ልጁ ይደግመዋል። ስዊዘርላንዳዊው የትምህርት ሊቅ ፔስታሎዚ ልጅ በማየትና በመንካት ይማራል ብሎ በሩን ከፈተ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል ደግሞ በሩን አልፎ ገባ። በ1840 ኪንደርጋርተን ብሎ በሰየመው ትምህርት ቤት ልጆች ወረቀት ያጥፉ፣ የወረቀት ክር ይሸምኑ፣ ጭቃ ያድቦለቡሉ ነበር። በዚህ መንገድ የሚሠለጥኑት መምህራን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ እያንዳንዱን ሥራ ራሳቸው ሠርተው በአልበም እየለጠፉ ያስቀምጡ ነበር። ልጁ ከመሥራቱ በፊት መምህርቷ ሠርታዋለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ አልበም የተበደረው ነገር አለ ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ፊንላንድ። የአገሪቱ የሕዝብ ትምህርት ቤት አባት የሚባለው ኡኖ ሲግኔየስ በ1863 በዩቫስኩላ ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በ1866 ደግሞ የእጅ ሥራ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ውስጥ በደንብ ተደነገገ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ሌላው ዓለም የእጅ ሥራን ገና ለደሃ ልጅ እንጀራ ማግኛ ብቻ አድርጎ በሚያይበት ዘመን ነው። ሲግኔየስ ግን ሁለት ነገር ላይ ድርቅ አለ። አንደኛ፣ የእጅ ሥራ ሙያ ማስያዣ ሳይሆን የአጠቃላይ ትምህርት አካል ነው። ሁለተኛ፣ ማስተማር ያለበት አናጺ ሳይሆን መምህር ነው።

የሁለተኛውን ነጥብ ክብደት የተረዳው አንድ ስዊድናዊ ነው። ኦቶ ሳሎሞን ይባላል። አጎቱ አውጉስት አብርሃምሶን ሀብታም ነጋዴ ሲሆን፣ በ1868 ከጎተንበርግ ከተማ ብዙ በማይርቅ ሐይቅ ዳር ኔስ የሚባል ርስት ገዛ። እዚያ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለአካባቢው ልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ትንሽ ቆይቶም መምህራን ማሠልጠን ተጀመረ። በ1877 ሳሎሞን ፊንላንድ ሄዶ ከሲግኔየስ ጋር ተገናኘ፣ ሐሳቡንም እዚያ አስተካከለ። ከዚያ በኋላ ኔስ ባለሙያ አናጺን መምህር ከማድረግ ይልቅ መምህርን መጋዝና ቢላ ማስያዝ ላይ አተኮረ። ሥልጠናውም አጭር ሆነ፤ በሳምንታት የሚቆጠር። መምህራኑ በእረፍት ጊዜያቸው መጥተው፣ ሠርተው፣ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ።

ትምህርቱ ስሎይድ ይባላል። በስዊድንኛ ቃሉ ከእጅ ብልሃት ጋር የተያያዘ ነው። ሠልጣኙ የተደረደሩ የእንጨት ዕቃዎችን አንድ በአንድ ይሠራል። መጀመሪያ በቢላ ብቻ የሚወጡ ቀላል ነገሮች ይመጣሉ። እያለ እያለ ማንኪያ፣ የመጥረቢያ እጀታ፣ ጎድጓዳ ሳህን ይደርሳል። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሁለት አዲስ የእጅ እንቅስቃሴ ይጨምራል፣ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቅ ወደማይታወቅ። የሚሠራው ዕቃ ደግሞ ቤት ገብቶ የሚያገለግል መሆን ነበረበት። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ነገር አይፈለግም።

ከኔስ ደንቦች እኔን ሁሌ የሚገርመኝ አንድ አለ። መምህሩ የልጁን ሥራ በእጁ አይነካም። ማሳየት ካስፈለገው በሌላ እንጨት ላይ ያሳያል። ማንኪያው ጠማማ ከሆነ ጠማማ ሆኖ ይቀራል፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የልጁ ነው። ይህን ለመቀበል ለመምህር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የሞከረው ነው። እኔ ሥልጠና ላይ ሳለሁ አንዲት ሕፃን ካርቶን ስታጣብቅ አየሁ፤ ሙጫው ከካርቶኑ በልጦ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። እጄ ሳላዝዘው ሄዶ አስተካከለላት። ልጅቷ ካርቶኑን ወደ እኔ ገፍታ «እንግዲህ አንተ ጨርሰው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጆቼን ከኋላ አጣምሬ መቆም ለመድኩ።

ኔስ ላይ ቀኑ በእንጨት ሥራ ብቻ አያልፍም ነበር። ሳሎሞን ስለ ትምህርት ንግግር ያደርጋል፣ ውይይት አለ፣ ጨዋታና መዝሙርም አለ። ወንዶችም ሴቶችም አንድ ላይ ይሠለጥኑ ነበር፤ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ሳሎሞን በተለያዩ ቋንቋዎች ያስተምር ስለነበር ከብዙ አገር መምህር ይመጣ ነበር፤ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ እስከ ጃፓን ድረስ። ከዚያ የወጣው ጉስታፍ ላርሰን በ1880ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ላይ የስሎይድ መምህራንን ማሠልጠን ጀመረ። ሳሎሞን በ1907 ሞተ፣ ሥልጠናው ግን ከእሱ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

የስሎይድ አባት ሲግኔየስ ነው ወይስ ሳሎሞን? ሁለቱም ደጋፊ አላቸው። ለእኔ ሐሳቡ የሲግኔየስ፣ ሥልጠናው የሳሎሞን ነው። ስሎይድን የሚነቅፉም አሉ፤ ልጁ ሁሉ አንድ ዓይነት ማንኪያ እየሠራ የራሱን ነገር መቼ ይፈጥራል ይላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን የተደረደሩትን ዕቃዎች ብቻ ይዞ ዘዴውን የተወ መምህር ያበላሸው ሥራ በዘዴው ሒሳብ መመዝገብ ያለበት አይመስለኝም።

ለዚያ ጥያቄ መልስ ይዞ የመጣው ከሥዕሉ በኩል ነው። ፍራንዝ ቺዜክ የሚባል ሠዓሊ በ1897 ቪየና ላይ ለልጆች የሥዕል ክፍል ከፈተ። አትገልብጡ፣ የሆዳችሁን ሣሉ አላቸው። ሥራዎቻቸው በ1920 ለንደን ላይ ሲታዩ ብዙ መምህር ተደነቀ። በዚያው ሰሞን፣ በ1919፣ ጃፓን ውስጥ ካናዬ ያማሞቶ መገልበጥን ተቃውሞ ነፃ የሥዕል እንቅስቃሴ አስነሣ። ቺዜክ ላይ ግን የማይለቅ ጥርጣሬ አለ። የልጆቹ ሥራ በጣም ይመሳሰላል፤ በነፃነት የሣለ ልጅ እንዴት እንደ ጓደኛው ይሥላል? ምናልባት ሳያውቀውም ቢሆን መንገዱን ያሳያቸው ነበር። ሠልጣኝ መምህራን ይህን ጉዳይ ቢወያዩበት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም «እኔ ምንም አላልኳቸውም» የሚል መምህር ክፍል ግድግዳ ላይ ሠላሳ ተመሳሳይ ቤት ተሰቅሎ አይቻለሁ።

ከዚያ ቪክቶር ሎወንፌልድ መጣ። ቪየና ላይ ማየት የተሳናቸው ልጆች በጭቃ ቅርጽ ሲሠሩ ያስተማረ ሰው ነው፤ በኋላ አሜሪካ ገብቶ በ1940ዎቹ የልጆችን ሥዕል በዕድሜ ከፋፍሎ አስቀመጠ። ከሁለት እስከ አራት ዓመት መሞነጫጨር ነው። ከአራት እስከ ሰባት ሰው ይወለዳል፤ ክብ ራስ፣ ከራሱ ላይ የወጡ ሁለት እግሮች። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ልጁ የራሱን ምልክት ይይዛል፤ ታች የመሬት መስመር፣ ላይ የሰማይ መስመር፣ መሐሉ ባዶ። ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ ነገሩ እውነተኛ እንዲመስልለት ይፈልጋል፣ ሳይመስልለት ሲቀር «እኔ አልችልም» ማለት ይጀምራል። የዕድሜ ድንበሮቹ እንዲህ ቁርጥ ያሉ አይደሉም የሚሉ ብዙ ናቸው። ለሠልጣኝ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሰማይና ምድር አልተገናኙም ብሎ ልጁን የሚያርም መምህር፣ ገና ሁለተኛ ክፍል ያለውን ልጅ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሁን እያለው ነው። ሮዳ ኬሎግም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የሕፃናት ሥዕል ሰብስባ መሞነጫጨሩን ብቻ በ20 ዓይነት ለይታዋለች። ከዚያ በኋላ «ዝም ብሎ ጫረ» ማለት አይቻልም።

ሕንድ ውስጥ በ1937 ጋንዲ ትምህርት ሁሉ በእጅ ሥራ ዙሪያ ይሁን ብሎ የዋርዳ ዕቅድን አቀረበ። በ1954 ሥዕልን በትምህርት የሚያስተዋውቅ ዓለም አቀፍ ማኅበር በዩኔስኮ ድጋፍ ተመሠረተ። በ1980ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መሥራት ብቻ አይበቃም፣ ልጆች ስለ ሥዕል ታሪክም ይወቁ፣ ማየትና መመዘንም ይማሩ የሚል ሐሳብ በሥልጠናው ላይ ጉልበት አገኘ። ፊንላንድም በ2014 ሥርዓተ ትምህርቷ የጨርቁንና የእንጨቱን ሥራ አንድ አድርጋ ለሁሉም ልጅ አስተማረች፤ ሴት ልጅ ወደ መርፌ፣ ወንድ ልጅ ወደ መጋዝ መባሉ ቀረ።

ታሪኩ ይህ ነው፣ ወደ ሥራው እንምጣ። ሥልጠናው ላይ ከሁሉ የሚከብደው ቁሳቁስ አይደለም። «እኔ መሣል አልችልም» ብሎ የሚገባው ሠልጣኝ ነው። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቱ ላይ የቆመ ሰው ነው፣ እዚያው ጋ ተነሥቶ መቀጠል አለበት። ስለዚህ ጥሩ ሥልጠና ንድፈ ሐሳቡን ለኋላ ትቶ መጀመሪያ ያሠራዋል። ሦስት መሠረታዊ ቀለምና ነጭ ብቻ ተሰጥቶት የሣር አረንጓዴ ፈልግ ይባላል። ካርቶን ጫፉ ላይ ተነክሶ፣ ክር ተወጥሮበት፣ ይሸምናል። ጭቃ ይዞ ጆሮ ያለው ኩባያ ይሠራል። ጆሮው ሲደርቅ ይወድቃል! ሁለቱንም ገጽ ጫር ጫር አድርጎ ቀጠን ባለ ጭቃ ማጣበቅ እንዳለበት ያኔ ይገባዋል። ወፍራምና ድፍን አድርጎ የሠራው ደግሞ ውስጡ ሳይደርቅ እሳት ከገባ እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያፈነዳዋል።

መቀስን ብቻ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል። አውራ ጣት ወደ ላይ ይሁን። መቀሱ አይዞርም፣ ወረቀቱን የሚያዞረው ሌላኛው እጅ ነው። ግራኝ ልጅ የቀኝ መቀስ ሲይዝ ስለቶቹ ይላቀቁበታል፣ የሚቆርጠውንም መስመር ስለቱ ይሸፍንበታል። ይህን ለማስረዳት ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ሠልጣኞች በግራ እጃቸው ክብ እንዲቆርጡ ማድረግ በቂ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ክፍሉ በሙሉ ይበሳጫል፣ ግራኝ ልጅም ከዚያ በኋላ «ሰነፍ» አይባልም።

ንግግርም ይሠለጠናል። «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ልጁን ያስደነግጠዋል፤ ግልጽ መስሎት ነበርና። «እስቲ ስለ ሥራሽ ንገሪኝ» ሲባል ግን ወሬው አያልቅም። «ጎበዝ፣ ያምራል» ማለትም ቶሎ ያልቃል። «እዚህ ጋ ቀዩን ከሰማያዊው አጠገብ ያደረግሽው አሪፍ ነው፣ እንዴት አሰብሽው?» ማለት ግን መምህሩ በእርግጥ ማየቱን ያሳያል። ምዘናውም ከዚሁ ይወጣል። አንዱን ልጅ ከሌላው ጋር ከማወዳደር ይልቅ፣ የልጁ የመስከረም ሥራና የሰኔ ሥራ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በማስተማር ልምምድ ጊዜ አሠልጣኞች በጥንቃቄ የሚያዩት ደግሞ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ነው። ብሩሾቹ በጸጉራቸው ቆመው ተቀምጠዋል ወይስ ታጥበው ጸጉራቸው ወደ ላይ ነው? እርጥብ ሥዕሎቹ የት ተሰጡ? ስም ተጽፎባቸዋል? ጠረጴዛውን የሚጠርገው መምህሩ ብቻውን ነው ወይስ ልጆቹ ናቸው? እዚያ የደረሰ ሠልጣኝ በሚቀጥለው ሳምንትም ቀለም ያስነካቸዋል። ያልደረሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ እርሳስ ብቻ ነው የሚያወጣላቸው።